ፕሮምፕት፦ ምስል ማዘዣ

ፕሮምፕት ማለት ምስል ለሚሠራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በጽሑፍ የሚሰጥ፣ ምን ዓይነት ምስል እንደተፈለገ የሚገልጽ ቃል ወይም ዐረፍተ ነገር ነው። እዚህ «ማዘዣ» እንለዋለን፤ በሙሉ ሲጠራ «ምስል ማዘዣ»።

ቃሉ ያስፈለገው ነገሩ የልብስ ስፌት ቤቶች ደጃፍ ድረስ ስለመጣ ነው። የኢሬቻ በዓል ሲቃረብ፣ ቢሾፍቱ ወደሚገኘው ሆራ አርሰዲ የሚሄደው ሰው ልብስ በሚያሰፋበት ሰሞን፣ አዳማ ላይ ደንበኛ ስልኩን አውጥቶ «እንዲህ አድርጋችሁ ስፉልኝ» ሊል ይችላል። ድሮ የሚያሳየው የጎረቤት ቀሚስ ወይም ፎቶ ቤት የተነሳውን ፎቶ ነበር። አሁን የሚያሳየው ልብስ የትም ያልተሰፋ፣ ማንም ያልለበሰው፣ ሚድጆርኒ ወይም ጀሚናይ የተባለ መሣሪያ በሰከንዶች ውስጥ የሠራው ሊሆን ይችላል።

አንዳንዶች ፕሮምፕትን «ትዕዛዝ» ይሉታል። ኮምፒውተር ላይ ግን ትዕዛዝ አስቀድሞ ሥራ የያዘ ቃል ነው፤ «ክፈት» እና «ሰርዝ» ትዕዛዝ ናቸው፣ ወይ ይፈጸማሉ ወይ አይፈጸሙም። «ጥያቄ»ም አይመችም፤ ቀሚስ የጠየቀ ሰው መልስ አይጠብቅም፣ ቀሚስ እንጂ። ማዘዣን ግን ከሐኪም ቤት እናውቀዋለን። ሐኪሙ ይጽፋል፣ ፋርማሲው መደርደሪያው ላይ ካለው ይሰጣል፣ የተጻፈው ከሌለ ተመሳሳዩን። ፋርማሲስቷ ግን «ይሄ የለም፣ በምትኩ ይሄን ልስጥሽ?» ትላለች። ማሽኑ አይናገርም፤ ተመሳሳዩን ልክ እንደታዘዘው አድርጎ ይሰጣል። (ፍርድ ቤትም የራሱ ማዘዣ አለው፤ ከቀሚስ ጋር የሚያምታታው ሰው ይኖራል ብዬ አልሰጋም።)

የማሽኑ መደርደሪያ ላይ ያለውስ ምንድን ነው? ስቴብል ዲፊዩዥን የተባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ የሠለጠነው ላዮን ከሚባል ክምችት በተመረጡ ምስሎች ነበር። ትልቁ የላዮን ክምችት 5.85 ቢሊዮን ገደማ የምስል አድራሻዎችን ከነመግለጫቸው ይዟል። ከነዚህ ውስጥ 2.3 ቢሊዮን ያህሉ መግለጫቸው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከመቶ በላይ የሆኑ ሌሎች ቋንቋዎች ሁሉ ተደምረው እንኳ ይህን አይሞሉም፤ የቀረው ቋንቋው በውል ያልተለየ ነው። ማሽኑ በሥልጠናው ወቅት ፎቶዎች በቀለም ነጠብጣብ ሲበላሹ እያየ ነጠብጣቡን መግፈፍ ይማራል። ምስል ሲታዘዝ ከነጠብጣብ ብቻ ተነስቶ፣ ማዘዣው እየመራው፣ ደረጃ በደረጃ እየገፈፈ መልክ ያወጣል። ከአንድ ቃል ጋር ተጣምሮ ያየው ምስል ጥቂት ከሆነ የሚያወጣው የቅርብ ዘመዱን ነው። የዶቃ ጌጡን «ጨሌ» ብሎ ያዘዘ የማሳይ ዶቃ ሊደርሰው ይችላል። ያገባች የኦሮሞ ሴት የምትይዛት ሲንቄም ተራ ምርኩዝ ሆና ልትመጣ ትችላለች።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ናይጄሪያዊው የፊልም ባለሙያ ማሊክ አፌግቡዋ በጃንዋሪ 2023 በሚድጆርኒ የሠራቸው ምስሎች ዓለምን ዞረዋል፤ ያማረ ልብስ የለበሱ አፍሪካውያን አዛውንቶች በፋሽን መድረክ ላይ ይራመዳሉ። ትርኢቱ ከምስሎቹ ውጪ የለም። ሥራውን ሲጀምር ግን ጥቁር አዛውንት ሲያዝ ማሽኑ አዳፋ ልብስ ያለብስበት እንደነበር ተናግሯል። ማዘዣውን ደጋግሞ እያረመ ነው ያሰበው ላይ የደረሰው። የእሱ ጥበብ ያለው እዚህ እርማት ላይ ይመስለኛል።

አዳማ ላይ ለሚያዝስ? «የኢትዮጵያ ባህል ልብስ» የሚል ማዘዣ ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ ከማምጣት ብዙም አያልፍም። «የኦሮሞ ልብስ» ማለትም አይበቃም፤ የቦረናው፣ የአርሲውና የሸዋው አንድ አይደለም። የሚሻለው ለልብስ ሰፊ እንደሚነገረው መጻፍ ነው፦ «እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ነጭ የጥጥ ቀሚስ፤ ጫፉ ላይ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ተከታትለው የገቡበት ቀጭን ጥልፍ፤ አንገት ላይ ባለሦስት ድርድር ጥቃቅን ዶቃ፤ የጠዋት ብርሃን፤ ከኋላ ሐይቅ።» የሕዝብ ስም ማሽኑን ወደ መደርደሪያው ይልከዋል፤ የጨርቅ፣ የርዝመትና የቀለም ስም ግን እጁን ይይዘዋል። ከጽሑፉ ጋር የእውነተኛውን ጌጥ ፎቶ ማያያዝም ይቻላል፤ ይህን «ማጣቀሻ ምስል» ብንለው ያስኬዳል። እንዳይገባ የሚፈለገውን የሚዘረዝረው ጽሑፍ ደግሞ «መከልከያ» ይባል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ምስሉ ቢያምርም ልብስ ሰፊው ፊት ሲቀርብ ሌላ ጣጣ አለ። ምስሉ ስፌት የለውም። ዚፑ የት እንደሆነ፣ ጀርባው ምን እንደሚመስል፣ ጨርቁ ምን እንደሆነ አይናገርም። ጥለቱን ጠጋ ብለው ሲያዩት መስመሩ መሀል መንገድ ላይ ሌላ ቅርጽ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ሸማኔ ክር ቆጥሮ የሚያወጣውን ማሽኑ በመልክ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ምስሉን እንደ ሐሳብ ተቀብሎ ልክ መውሰድና ጨርቅ ማስመረጥ እንደ ቀድሞው ነው።

ሱቆች ራሳቸው እንዲህ ያለ ምስል ለማስታወቂያ ሲለጥፉ ነገሩ ይከብዳል። የአሜሪካው ቮግ መጽሔት በኦገስት 2025 እትሙ ላይ ያወጣው የልብስ ኩባንያው የጌስ ማስታወቂያ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራች ሴት ነበረችበት። ይህ በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል፤ ብዙ አንባቢ ግን ተቆጥቷል። ቴሌግራም ላይ ቀሚስ የሚሸጥ የአዳማ ሱቅ «ይህ በማዘዣ የተሠራ ምስል ነው፤ የተሰፋው ይህን ይመስላል» ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያሳይ፣ ያውም ቀብድ ከመቀበሉ በፊት፣ ደንበኛው የሚከፍለው ለየትኛው እንደሆነ ያውቃል።