ማዘጋጃ ቤት የሌላቸው መንደሮችና የሕዝብ ቆጠራ

የሕዝብ ቆጠራ ሰውን ከመቁጠር ሌላ ሰው የሚኖርበትን ሥፍራ ለይቶ መሰየምንም ይጠይቃል። በሕግ የተቋቋመ ከተማ ወሰኑ የታወቀ ስለ ሆነ ቆጣሪውን አያስቸግርም። ችግሩ የሚመጣው ስምና ነዋሪ እያለው ማዘጋጃ ቤትም ሆነ ሕጋዊ ወሰን የሌለው መንደር ሲያጋጥም ነው። የዚህ ጉዳይ ታሪክ በዩናይትድ ስቴትስ ጉልህ ሆኖ ይታያል።

በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ1790 በተደረገው የመጀመሪያ ቆጠራ በሕግ ያልተቋቋሙ አንዳንድ ሥፍራዎች ተመዝግበው ነበር፤ በ1828 በሕግ የተቋቋመችው ሉዊቪል ከእነዚሁ አንዷ ናት። በ1890 ግን በሕግ የተቋቋሙትና ያልተቋቋሙት በአንድ መዝገብ በመቀላቀላቸው አንዱን ከሌላው መለየት አዳጋች ሆነ። ከ1900 እስከ 1930 በተደረጉት ቆጠራዎች ደግሞ ያልተቋቋሙት ጨርሶ ቀሩ። ነዋሪዎቻቸው ካውንቲ በሚባለው የአስተዳደር ክፍል ድምር ውስጥ ሲገቡ የመንደሮቹ ስም ከሰንጠረዡ ወጣ። ሰው ተቆጠረ፤ መንደር አልተቆጠረም።

በ1940 ባለ 500 ነዋሪና ከዚያ በላይ የሆኑት መንደሮች ለብቻቸው በወጣ መግለጫ ተዘረዘሩ። በ1950 ቆጠራው ለእነርሱ የተወሰነ ምድብ አበጀ፤ ይኸውም ከታላላቅ ከተሞች ክልል ውጭ ለሚገኙት ብቻ ነበር። በክልሉ ውስጥ ላሉት በ1960 በር ሲከፈት 10,000 ነዋሪ ተጠየቀ፤ ልኩ በ1970 ወደ 5,000፣ በ1990 ወደ 2,500 ዝቅ አለ። ምድቡ በ1980 «ለቆጠራ የተሰየመ ሥፍራ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጠው። በ2000 ዝቅተኛው የነዋሪ ልክ ተሠረዘ።

ይህ ስያሜ ምክር ቤትም ሆነ ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን አይሰጥም። ወሰኑም ከአካባቢው ባለሥልጣኖች ጋር በመመካከር ለስታቲስቲክስ ሲባል የሚሰመር ነው። ስለዚህም ጥቂት ቤቶች ያሏት መንደርና በ2020 ከ80,000 በላይ ሕዝብ የተቆጠረባት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ ምድብ ይገኛሉ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። 500 ወይም 10,000 የሚለው ልክ በመሥሪያ ቤት የተወሰነ እንጂ ከመንደሩ ኑሮ የመነጨ አይደለም። ሆኖም ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውሃ መሥመር የሚታቀደው በሥፍራ ተለይቶ በታወቀ አኃዝ ነውና፣ በሰንጠረዥ ስሙ የሌለ መንደር ፍላጎቱን በቁጥር ሊያስረዳ አይችልም። የምድብ ልክ የሚወስን ባለሙያ ማን በስሙ እንደሚታይና ማን በድምር ውስጥ እንደሚሰወር አብሮ ይወስናል።