የደስታ በሽታ እና ሁለት ቀይ ክሮች

ሁለት የቫክሲኒያ ቫይረስ ሞዴሎች፤ ለማየት እንዲመቹ እጅግ በትልቁ የተሠሩ

በእያንዳንዱ ሞዴል ውስጥ ያለውን ቀይ ክር ልብ ይበሉ። ከከብት ገዳዩ የደስታ በሽታ ቫይረስ የተወሰደ አንድ ዘረመል ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊው የእንስሳት ሐኪምና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የቫይረስ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ጥላሁን ይልማ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ሰው ለፈንጣጣ ሲከተበው በኖረው በቫክሲኒያ ላይ ቀጠሉት። ሙሉው የደስታ ቫይረስ ስለሌለበት ክትባቱ በሽታውን ሊያስይዝ አይችልም፤ የከብቱ ሰውነት ግን የጠላቱን መልክ ለይቶ ይዘጋጃል። ድንቅ ብልሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በሳይንስ መጽሔት እንደወጣው፣ የተከተቡት ከብቶች ለመግደል ከሚበቃው መጠን ከ1000 እጥፍ በላይ ቫይረስ ተሰጥቷቸው ተርፈዋል።

በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የገበሬውን በሬ ፈጅቶ፣ ከድርቅና ከአንበጣ ጋር በኢትዮጵያ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረሃብ ያመጣው ይኸው ደስታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ሲታወጅ፣ የማጥፊያ ዘመቻውን ሸክም የተሸከሙት ተመራማሪው ዋልተር ፕላውራይት ያዘጋጁት ቀደምት ክትባትና ሙቀት እንዲቋቋም ሆኖ የተዘጋጀው ተከታዩ ነበሩ። የፕሮፌሰር ጥላሁን ሥራ ደግሞ ዘረመል ቀጥሎ የከብት ክትባት መሥራት እንደሚቻል በከብቱ በራሱ ላይ አሳይቷል።