በሶብላ በኢትዮጵያ ጓሮ፤ ስለ ታሪኩ አጭር ምርመራ

በታሪክ ትምህርት ብዙ ጊዜ የምንመረምረው የነገሥታትን ሥራ፣ የጦርነትን ውሎና የአድባራትን አተካከል ነው። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ ዜና መዋዕልና ገድል አብዝተው የሚናገሩት ስለዚሁ ነውና። ነገር ግን የሰው ኑሮ በቤተ መንግሥትና በጦር ሜዳ ብቻ አይፈጸምም። ከማድ ቤት በስተጀርባ ባለችው ጠባብ ጓሮ የሚበቅለው ቅጠልም ታሪክ አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ በሶብላ የሚታወቀውን ከሚገመተው ለይቶ ማሳየት፣ የታሪኩም ምስክር ማን እንደ ሆነ ማመልከት ነው።

፩. ስሙና ወገኑ

በሶብላ በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ኦሲሙም ባሲሊኩም ይባላል። ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1753 በመጽሐፉ ያሰፈረው የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ ነው። «ባሲሊኩም» የተባለው ቃል መሠረቱ ግሪክኛ ሲሆን ትርጓሜው «የንጉሥ» ማለት ነው። በውጭ አገር አንዳንድ ሰዎች በሶብላን በሕንድ ሂንዱዎች ከሚያከብሩት ቱልሲ ጋር አንድ አድርገው «ቅዱስ» ይሉታል። ቱልሲ ግን ዘመዱ ቢሆንም ሌላ ተክል ነው። ለምች የሚታሸው ዳማ ከሴም እንደዚሁ የበሶብላ ዘመድ እንጂ ራሱ በሶብላ አይደለም። ኮሰረት ደግሞ ቅቤ ሲነጠር ከበሶብላ ጋር ስለሚገባ ዘመዱ ይመስላል፤ ሊቃውንቱ ግን ከሌላ ቤተ ሰብ ይቆጥሩታል።

በቋንቋ በኩል አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ጤና አዳም በትግርኛ ጨና ኣዳም ይባላል፤ የሁለቱ ስም አንድነት አያጠራጥርም። በሶብላ ግን በትግርኛ ሰሰግ ነው። ሁለት እኅትማማች ቋንቋዎች ለአንድ የጓሮ ተክል እንዲህ የተራራቀ ስም መያዛቸው፣ ተክሉ ወይም ስሙ በየራሱ መንገድ እንደ ደረሳቸው ያስጠረጥራል። ይሁን እንጂ ጥርጣሬ ማስረጃ አይሆንም፤ ከሁለቱ አንዱ ስም የቀድሞውን አስለቅቆ ሊሆን ይችላልና።

፪. የመጻሕፍት ዝምታ

በሶብላን የሕንድ ነጋዴዎች በአዱሊስ በኩል አመጡት ብሎ መናገር ለጆሮ ደስ ይላል። በአንደኛው መቶ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መንገድ መግለጫ ከአዱሊስ የሚወጣውን የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ፣ ከሕንድ የሚገባውንም ብረትና ጨርቅ ይዘረዝራል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ በሶብላ የለም። ደግሞም የኦሲሙም ወገን ዓይነቱ የሚበዛው በአፍሪካ ስለ ሆነ፣ ሁሉን ነገር ከባሕር ማዶ መጠበቅ አያስፈልግም።

ከግሪክ ክርስቲያኖች ጋር መጣ ለሚል ሰውም መልስ አለው። በግሪኮች ትውፊት ንግሥት እሌኒ መስቀሉ የተቀበረበትን ስፍራ ያገኘችው በዚያ በበቀለው በሶብላ መዓዛ ተመርታ ነው ይባላል፤ በመስቀልም በዓል ካህናቱ ለምእመናን በሶብላ ያድላሉ። በእኛ ትውፊት ግን መንገዱን ያመለከታት የዕጣን ጢስ ነው፤ የበዓሉም አበባ አደይ ነው። በሶብላ በእኛ ዘንድ ዋና ስፍራው ማድ ቤት ነው። ተክሉና ትውፊቱ አብረው መጥተው ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ይህን ያህል ባልሰፋ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ የዕፀዋት ሊቃውንት መጡ። ከእነርሱ አንዱ ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ገብቶ በ1878 እስኪሞት ድረስ በአገራችን ኖረ። እርሱ እያደረቀ ወደ አውሮፓ ከላካቸው ዕፀዋት ብዙዎቹ አዲስ ስም ወጥቶላቸዋል፤ የኮሰረት የሊቃውንት ስም እንኳ የዓድዋን ስም ይዞ ቀርቷል። በፓሪስም አሺል ሪሻር እ.ኤ.አ. ከ1847 እስከ 1851 ስለ አገራችን ዕፀዋት ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። የእነዚህ ሰዎች ድካም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በወረቀት ላይ የተለጠፈ ደረቅ ቅጠል የት እንደ ተቀጠፈ ይናገራል እንጂ፣ ማን እንደ ዘራው፣ ዘሩንም ከማን እንደ ተቀበለች አይናገርም።

፫. ተክሉና ሙያው

ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል፤ እነርሱም የተክሉ ዕድሜና የሙያው ዕድሜ ናቸው። በርበሬ ሲዘጋጅ ዛላው ይቀነጠሳል፤ ከዚያም ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከጤና አዳምና ከበሶብላ ጋር ተወቅጦ ጥቂት ቀን ታምቆ ይቆያል። በኋላም በፀሐይ ደርቆ፣ ኮረሪማና አዝሙድ ተጨምሮበት ይፈጫል። ይህ ሙያ ከጥንት ከአክሱም ዘመን ጀምሮ እንደ ነበረ አድርገው የሚናገሩ አሉ። ሊሆን አይችልም። የበርበሬው ተክል የአሜሪካ ተወላጅ ስለ ሆነ፣ ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት በእኛ ክፍለ ዓለም አልነበረም። ስለዚህ በሶብላ ከበርበሬ ጋር ከተገናኘ ቢበዛ አምስት መቶ ዓመት ያህል ነው።

ቅቤ ማንጠር ግን በዚህ ዘመን አይወሰንም፤ ከብት በአገራችን ከበርበሬ እጅግ ይቀድማልና። ምናልባት በሶብላ አስቀድሞ የቅቤና የሽሮ ቅመም ሆኖ ሳለ፣ እንግዳው በርበሬ ሲመጣ ሴቶች በሚያውቁት መዓዛ ተቀብለውት ይሆናል። ይህ ግምቴ ነው፤ የሚያጸናው ወይም የሚያፈርሰው ማስረጃ ከጥንት ምድጃ አመድ ውስጥ ከሚለቀም ዘር ሊገኝ ይችላል።

፬. ዘሩና እጁ

በሶብላ ዓመታዊ ተክል ነው። ዘሩ ጥቁርና ደቃቅ በመሆኑ በለሰለሰ አፈር ላይ ተበትኖ በስሱ ይሸፈናል። በክረምት ያድጋል፤ ሐምራዊ አበባውን ሲያወጣ ይታጨዳል፤ ውርጭ ግን ፈጽሞ አይችልም። አልፎ አልፎ ረግፎ ራሱ ቢበቅልም፣ በአንድ ጓሮ ለረጅም ዘመን የሚኖረው በየዓመቱ የሚያስብለት ሰው ሲኖር ነው። አንድ ዘለላ ሳይታጨድ ይቀራል፤ ሲደርቅ ታሽቶ ዘሩ በጨርቅ ይቋጠራል። መዓዛው የበለጠውን ለዘር መርጣ የምታስቀር ሴት የምርጫ ሥራ እየሠራች ነው።

በአያቴ ጓሮ በአጥሩ ሥር የሚበቅል በሶብላ ነበር። ዘሩን ከየት እንዳገኙት እናቴን ስጠይቃት፣ «ከእናታቸው ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን እኔም አልጠየቅኋቸውም» አለችኝ። አያቴ ካረፉ በኋላ በቋጠሮው ያለውን የዘራ ሰው አልተገኘም። ዛሬ በርበሬያችን የሚገባበት በሶብላ ከገበያ የሚገዛ ነው። ቅመሙ አልጠፋም፤ የጠፋው እስከ ቅድመ አያቴ ድረስ የሚያደርሰው መስመር ነው።

፭. መደምደሚያ

እ.ኤ.አ. በ1976 የአገራችንን የእህልና የዕፀዋት ዘር የሚጠብቅ ማእከል በአዲስ አበባ ተቋቁሟል። ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ሲቀመጥ ተክሉ ይድናል፤ አያያዙንና የመጣበትን ቤት ግን ማቀዝቀዣ አይጠብቀውም። በከተማ ፎቅ ቤት ሲበዛ ጓሮ እየጠበበ ነው። በባዕድ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም የደረቀውን በሶብላ በሻንጣ ያስመጣሉ እንጂ የዘሩን ነገር ብዙ አናነሣም።

መጻሕፍቱ ዝም ካሉ፣ በሶብላን ዛሬ የምናገኝበት እያንዳንዱ የቆየ ጓሮ እንደ አንድ ሰነድ ይቆጠራል፤ አንባቢዎቹም እናቶቻችን ናቸው። ስለዚህ ባልንጀሮቼ ተማሪዎች በዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ ስሙን በየቋንቋችሁ፣ የዘሩን መነሻና የአዘራሩን ልማድ ጠይቃችሁ ብትጽፉ ትልቅ ሥራ ነው። እኔ ሳልጠይቅ ዘግይቻለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተሳሳትሁት ቢኖር መምህራንና አንባብያን እንዲያርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።