ከ«ባለ እጅ» ወደ «በእጅ የተሠራ»

በአማርኛችን ውስጥ ካሉት ስድቦች አንዱ፣ ቃሉ ብቻውን ሲታይ ስድብ አይመስልም። «ባለ እጅ» ይላል። እጅ የሌለው ማን አለና! ነገር ግን አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጩን «ባለ እጅ» ሲሉት እጁን ማድነቃቸው አልነበረም። ከቃሉ ጀርባ «ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል» የሚለው ፍርሃት ነበረ። «ጠይብ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሥሩን ወደ ግዕዝ ሲመልሱት «ጠቢብ» ላይ ያደርሳል፤ ጥበበኛ ማለት ነው። ጥበበኛነት በምን ቀን ተዋርዶ ስድብ እንደሆነ ጠይቆ መልስ ያገኘ ያለ አይመስለኝም።

ዛሬ የእጅ ሥራ በኢንተርኔት የሚሸጥበትን ሱቅ የከፈተ ሰው በመጀመሪያ የሚያነበው «በእጅ የተሠራ» የሚለውን ነው። ከሥር የሠሪው ፎቶግራፍ፣ የሠሪው ስም፣ ከዚያም ዋጋው ይከተላል። ያው እጅ ነው። አያቱን ከሰው ማዕድ ያስለየው እጅ የልጅ ልጁን ዕቃ ዋጋ ያስጨምራል። በዚህ ጽሑፍ ይህ እጅ የተጓዘበትን መንገድ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች በኩል ተከትዬ ለአንባቢ ላሳይ እፈልጋለሁ። አካባቢውን የመረጥኩት ስለማውቀው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚያ የሚሰበሰቡ የሸክላ፣ የስፌት፣ የሽመናና የቀርከሃ ሥራዎችን በድረ ገጽ ለሚሸጡ ወዳጆቼ ከዕቃው ጋር የምትሄደውን ትንሽ ወረቀት የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ወረቀቷ ላይ የሚሰፍረው የሠሪው ስም፣ አገሩና ሙያው ነው። ሦስት መስመር ለመጻፍ ስል ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ሆነብኝ።

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በቀድሞው ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ተብላ የተጠራች ከተማ ናት። ስም የሚያስጠራ ሰው አጥታም አታውቅም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው ከእሷ ብዙም በማይርቀው ቦዳ ነው። ከሁሉ በላይ ስሟን ያስጠራው ግን ጠርሙስ ነው። ከመሬቷ የሚፈልቀው ውኃ «አምቦ» ተብሎ ተጽፎበት አገር ለአገር ዞሯል። እስከ ሩቅ ጠረፍ ድረስ ውኃ ሲያዝ «አምቦ ስጠኝ» የማይል የለም። ከዚያው አፈር የተሠራው እንስራ ግን ውኃ ይዞ በየቤቱ ሲኖር የማንንም ስም አልያዘም።

የቅዳሜ ገበያዋን ያየ ያስታውሳል። በቀለም ያሸበረቁ ስፌቶች፣ ነጠላና ቡልኮ፣ ጀበናና ማድጋ፣ የፈረስ ኮርቻና ልጓም ይወጣል። ገዢው እንስራዋን በጣቱ እያንኳኳ ድምፅዋን ያዳምጣል፣ ይከራከራል፣ ገዝቶ ይሄዳል። የሠሪዋን ስም አይጠይቅም። የማን ወገን መሆኗን ግን ሳይጠይቅ ያውቀዋል። በኦሮምኛ ብረት ሠሪው ቱምቱ፣ ቆዳ ፋቂው ፋቂ ይባላል። ሙያው የዘር ስም ሆኖ፣ የግለሰቡን ስም ከልሎታል። ዕቃው ወደ ቤት ይገባል፣ ሠሪው ደጅ ይቀራል። ከእጁ የወጣውን ድስት ለወጥ እንፈልገዋለን፤ ከወጡ ለመብላት አብሮን ሲቀርብ ግን አንፈቅድም ነበር።

ይህ ነገር መንግሥትንም አሳስቦ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፣ ጸሐፊው ጠንቋይ፣ ነጋዴው መጫኛ ነካሽ እየተባለ ሲሰደብ ሰው ሙያውን እየጣለ አገር ያለ ብልሃተኛ ትቀራለች የሚል ሥጋት ነበረባቸው። ዓመት ሳይሞላ፣ በ1901 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። የቴምብሩ ሥራ ከ1886 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረ ነው፤ አባልነቱ ግን የኢትዮጵያ ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤና ዕቃ በዓለም ፖስታ ቤት ሁሉ እንዲከበር አደረገ። እኔ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለያይቼ ማየት ያቅተኛል። አንደኛው የሠሪውን ክብር፣ ሁለተኛው የዕቃውን መንገድ የሚመለከት ነው። መንገዱ ቶሎ ተከፈተ። ክብሩ ግን በዐዋጅ አልመጣም።

ከባለ እጆች መካከል ከሌሎቹ ቀድመው የውጭ ገዢ ያገኙት ሠዓሊዎች ናቸው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክና የዐድዋን ጦርነት በሸራ ላይ እየሣሉ ለውጭ አገር ሰዎች ይሸጡ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ያሳደገችው ሠዓሊ ሥራው ለእግዚአብሔር ስለሆነ ስሙን ማስፈር ግዴታው አልነበረም። ለእንግዳው ሲሸጥ ግን «የማን ሥራ ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። በእኔ ግምት፣ ሥራው ስም እንዲኖረው የጠየቀው የመጀመሪያው ሰው ሠሪውን ፈጽሞ የማያውቀው ሩቅ ገዢ ነው። ጎረቤት ስም አይጠይቅም፤ ዘር ያውቃል። ሩቅ ያለው ሰው ዘር አያውቅም፤ ስም ይጠይቃል።

በኋላ የመጣው ዘመን የባለሙያውን ኑሮ ከሥሩ ነካው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ በብዙ ቦታ መሬት ላልነበራቸው ቀጥቃጮች፣ ፋቂዎችና ሸክላ ሠሪዎች ድርሻ አስገኘላቸው። በዚያው በ1960ዎቹ መጨረሻ ለእደ ጥበብና ለአነስተኛ ኢንዱስትሪ ልማት የቆመ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ሸማኔውም ሸክላ ሠሪዋም በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጁ። አዲስ አበባ ላይ የመንግሥት የቱሪስት ንግድ ድርጅት ሱቆች የአገር ቤት ዕቃ ለእንግዳ ይሸጡ ነበር። በእነዚያ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ዕቃው የአገር ሆነ፤ «የኢትዮጵያ የእጅ ሥራ» ተባለ። ስድቡ ቀረ ማለት ይቻላል። ስሙ ግን አሁንም አልመጣም፤ በዘር ስም ፋንታ የማኅበር ስም ተተካ።

ታዲያ ኢንተርኔት የመጣው በዚህ ላይ ነው። አገራችን ውስጥ አገልግሎቱ የተጀመረው ጥር 1989 ዓ.ም. ነው። በውጭው ዓለም የእጅ ሥራን ከሩቅ አገር አምጥቶ የመሸጡ ሐሳብ ከዚያ በፊትም ነበረ። ኤድና ሩት ባይለር የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1946 ከፖርቶ ሪኮ ሴቶች የገዛችውን ጥልፍ ለወዳጆቿ እያዞረች መሸጥ ጀምራ፣ ከእሷ ሥራ ትልቅ የሱቅ ድርጅት ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው ኖቪካ ደግሞ የየአገሩን ባለሙያ በስሙና በታሪኩ ድረ ገጽ ላይ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው ኤትሲ ሠሪው ራሱ ሱቅ ይክፈት አለ።

የእኛዎቹ የመጀመሪያ የኢንተርኔት ሻጮች ግን የመረጡት ዕቃ በግ ነበር! በሁለት ሺህ እ.ኤ.አ. አካባቢ በውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በኮምፒዩተር ከፍሎ፣ ለበዓል በጉ ወይም ኬኩ አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ይደርስለት ነበር። የሚያስቅ ቢመስልም ብልሃት ነበረበት። ገንዘቡ ባሕር ይሻገራል፣ በጉ አይሻገርም። የእጅ ሥራ ግን ራሱ ባሕር መሻገር አለበት። ይህን የተጋፈጡት ከኋላ የመጡት ናቸው። በ1997 ዓ.ም. ቤተልሔም ጥላሁን በዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረተችው ሶል ሬብልስ ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን በረባሶ፣ የድሀው ጫማ ይባል የነበረውን፣ በእጅ ከተፈተለ ጥጥ ጋር አዋሕዶ በኢንተርኔት ለዓለም ሸጠው። ያ ሰፈር በሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ ምክንያት ሲሸሽ የኖረ ሰፈር ነው። በዓመት ልዩነት የተነሣው ሳባሃር ደግሞ ሐርና ጥጥ በእጅ እያስፈተለና እያሸመነ ወደ ውጭ ላከ።

እኔ የማውቃት የአምቦ ሱቅ ከእነዚህ ጋር የምትወዳደር አልነበረችም። አንድ ክፍል፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ካሜራ ነበራት። ግን በትንሽነቷ አንድ ነገር አሳየችኝ፦ የዕቃውን ቅርጽ የሚወስነው ፖስታው ነው። እንስራ ይከብዳል፣ ይሰበራል፤ የማጓጓዣው ዋጋ ከዕቃው ይበልጣል። ስለዚህ ሸክላ ሠሪዋ ስኒና ትንንሽ ጀበና እንድትሠራ ተጠየቀች። ከጥቁር እንጭኒ ደጋ በሚመጣው ቀርከሃ ወንበር ይሠራ የነበረው ሰው ወደ ትናንሽ ሣጥን ዞረ። ሸማኔው ብቻ አልተቸገረም፤ ነጠላ ሲታጠፍ ከደብዳቤ ብዙ አይበልጥም። ስፌቷ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበራት። ገዢ በፎቶግራፍ ያየውን ሰፌድ ራሱን ይፈልጋል፤ ሰፊዋ ግን ሁለት ሰፌድ አንድ ዓይነት አድርጋ አታውቅም፣ ልታደርግም አትፈልግም። ስለዚህ እያንዳንዱን ለየብቻ ፎቶ ማንሣትና በቁጥር መለየት ግድ ሆነ።

ወረቀቷን ስጽፍ ከገጠመኝ ሁሉ የማልረሳው የአንዲት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ነገር ነው። ስማቸውን ጠየቅኳቸው።

«ስሜን ምን ያደርግልሃል፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ከስኒው ጋር ይሄዳል፣ እማማ። የገዛው ሰው ማን እንደሠራው እንዲያውቅ።»

«እዚህ ሁሉም ያውቀኛል። ማወቁ ምን ጠቀመኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ቆይተው፣ «ወረቀቱ እዚያ ማዶ ብቻ ነው የሚነበበው? ወይስ እዚህም?» ብለው ጠየቁኝ። የልጅ ልጃቸው ሊታጭ ነበር። የታጨበት ቤት የሴት አያቱን ሙያ ከወረቀት እንዲያነብ አልፈለጉም። በመጨረሻ ስማቸውን ብቻ፣ ያለ አባት ስም፣ ጻፍልኝ አሉ። ከ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ እስከዚያ ቀን ድረስ ያለው ርቀት በዚያች በጎደለችው የአባት ስም ይለካል።

ሁለተኛው ነገር የገንዘቡ ነው። ድረ ገጹን አምቦ ላይ ሆኖ መክፈት ይቻላል፤ ገንዘቡን አምቦ ላይ ሆኖ መቀበል ግን ለብዙ ዓመታት አይቻልም ነበር። ውጭ አገር ያለ ገዢ የሚከፍልባቸው እንደ ፔይፓል ያሉ መንገዶች እዚህ ላለ ሻጭ የመቀበያ በር አልከፈቱለትም። በአገር ውስጥ የኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕግ በ1205/2012 ዐዋጅ ወጣ፣ ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ፣ የብር ምንዛሪም ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲመራ ተደረገ። ለአገር ቤት ገዢ ነገሩ ቀለለ። ለውጭው ግን ሒሳቡ በዋሽንግተን ወይም በሌላ ከተማ በሚኖር ዘመድ ስም መከፈት ነበረበት። ዘመዱ ደግ ከሆነ ደግ ነው። ካልሆነም የሚከሰስበት ወረቀት የለም።

ሦስተኛው መብራቱ ሲጠፋ የሚታይ ነው። በመስከረም 2009 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲወጣ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሰኔ 2012 የአምቦው ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። በልቅሶ መካከል ስለ ሱቅ ማሰብ ነውር ነው፤ የሞተው ሰው ነውና። ሆኖም የቅዳሜ ገበያ የሚበተነው ሰው ሲሸሽ ነው፤ የኢንተርኔት ሱቅ ግን ሰው ሳይሸሽ በአንድ ትእዛዝ ይዘጋል። ሻጭ በዝምታው «አጭበርባሪ» ተብሎ በገዢው ዘንድ ይመዘገባል።

አንድ ሸማኔ ያለኝን ልጨምር። የወንድሙ ልጅ በስልክ አንድ የውጭ አገር ሱቅ ከፍቶ አሳየው። ሱቁ የእኛ አልነበረም። ሸማኔው በእንጨት ሸማ መሥሪያው ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ ስሙም ተጽፏል፣ የልጆቹ ቁጥርም ጭምር። ከሥር ነጠላው በዶላር ተተምኗል። ወጣቱ በብር አስልቶ ነገረው። ሸማኔው ዝም ብሎ ቆየና፣ «ሥዕሌ ከእኔ የተሻለ ይሸጣል» አለ። ነጠላውን ለሰብሳቢ የሸጠው በገበያ ዋጋ ነበር። የማንንም ውል አላፈረሰ፣ ማንም አልሰረቀውም። ያልተከፈለው ለስሙ ነው።

ከዚህ የምደርስበት ነጥብ ይህ ነው። ከምኒልክ ዐዋጅ ጀምሮ የነበረው ትግል ባለሙያው እንዳይሰደብ ነበር። ኢንተርኔት ይህን አልፎ ሄዷል፤ የሠሪውን ስም ሸቀጥ አደረገው። ስም ዋጋ ካለው ግን ባለቤት ሊኖረው ይገባል። በቅዳሜ ገበያ ደላላው ቢበዛ ሁለት እርምጃ ርቆ ይቆም ነበር፤ ሠሪዋ ልትጣላው ትችል ነበር። በኢንተርኔት ሱቅ ደላላው አልጠፋም፤ ውቅያኖስ ማዶ ተቀምጧል፣ ሠሪዋ መልኩን አታውቅም፣ እሱ ግን የእሷን መልክ ይሸጣል።

መፍትሔው ሩቅ አይመስለኝም። በዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር እጽፍ ነበር ብያለሁ። አራተኛ መስመር ትጨመር። ከስሙ፣ ከአገሩና ከሙያው በታች «ከዚህ ዋጋ ውስጥ ለሠሪው የደረሰው ይህን ያህል ነው» ይባል። ታማኝ ሻጭ ይህን ለመጻፍ አይፈራም። ገዢውም በእጅ የተሠራ ዕቃ ሲገዛ ዋጋው ወደ የትኛው እጅ እንደሄደ ያውቃል። ያን ጊዜ እማማም የአባታቸውን ስም ጨምረው ያጽፉ ይሆናል።