የባሶ ገበያ ድኻውን ምን ጠቀመው?

እንደሚታወቀው ንግድ ለአንድ አገር መበልጸግ ዋና መሣሪያ ነው። ነገር ግን ንግድ የደራበት ስፍራ ሁሉ ድኽነት የራቀበት ነው ለማለት አይቻልም። ለዚህም ምስክር የሚሆነን ከዓባይ ወዲህ፣ በየጁቤ ይቆም የነበረው የባሶ ገበያ ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ባሶ እጅግ ስመ ጥር ገበያ ነበር። ከዓባይ ማዶ ካሉት የኦሮሞ አገሮችና ከእናርያ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዝባድ ይመጣበት ነበር፤ ከሰሜንም አሞሌ ጨው ይወርድለት ነበር። መገበያያውም ይኸው አሞሌና የማርያ ቴሬዛ ብር ነበረ። ቻርልስ ቢክ የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1840ዎቹ መጀመሪያ፣ ስለዚህ ንግድ ጽፏል። የሚያሳዝነው ግን በዚያው ገበያ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ሀብት ድኻው ምን አገኘ? ትርፉ በብዛት የሲራራ ነጋዴውና በየኬላው ቀረጥ የሚቀበለው ሹም ነበር። ሸማኔው ባይሠራ ልብስ፣ ቀጥቃጩ ባይኖር ማረሻ፣ ሸክላ ሠሪዋ ባትኖር እንስራ አይገኝም ነበር። ሆኖም እነዚህ ባለሙያዎች «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ይሰደቡ ነበር። ሙያ የሚያሰድብ ከሆነ ደግሞ ልጅ የአባቱን ሙያ ይሸሻል፤ ሥራውም ሳይሻሻል ይቀራል። ይህን ጉዳት የተረዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። ዳሩ ግን የቆየ ልማድ በዐዋጅ ብቻ አይሻርም።

ሁለተኛው እንቅፋት የመነሻ ገንዘብ እጦት ነው። ዕቁብ የሚጥል ጥቂት ያለው ሰው ነው፤ ምንም የሌለው ግን በአራጣ እጅ ይወድቃል። ስለዚህ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ መያዣ ለሌለው ሰው በቡድን ዋስትና ማበደር መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ነበር። ተቋሙም በኋላ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ብድር ግን ዕዳ ነው፤ ሙያና ገዥ ከሌለው ባለቤቱን ይበልጥ ያደኸያል።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች ሆይ፣ ከባሶ የምንማረው ይህ ነው። በአገራችን የሚያልፍ ሀብት ሌላ ነው፤ በእጃችን ተሠርቶ በቤታችን የሚቀር ሀብት ሌላ ነው። ሸማኔው ያገኘውን ለገበሬው እህል፣ ገበሬውም ለቀጥቃጩ ማረሻ ሲከፍል፣ ጥቂቱ ገንዘብ ብዙ ቤት ይመግባል። ከትምህርት ቤት ስንወጣ የመንግሥት ወንበር ብቻ አንጠብቅ። ሙያ እንማር፤ ባለሙያንም እናክብር።