የፕላዝማ ቴሌቪዥን ከትምህርት ቤት መሰናበት፤ ታሪካዊ ዳሰሳ

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሳተላይት አማካይነት ይሰራጭ የነበረው የቴሌቪዥን ትምህርት በተማሪውም ሆነ በመምህሩ ዘንድ የሚጠራው በአንድ ቃል ነበር፤ «ፕላዝማ»። ተማሪው «ዛሬ ፕላዝማ አለ» ሲል ትምህርቱን ማለቱ ነው፤ «ፕላዝማው ፈጠነብን» ሲል በቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየውን አስተማሪ ማለቱ ነው፤ «ፕላዝማው ተበላሸ» ሲል ግን በብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ከፊት ለፊቱ የቆመውን ዕቃ ማለቱ ነው። ትምህርቱ፣ አስተማሪውና ዕቃው በአንድ ስም መጠራታቸው የአነጋገር ልማድ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዕቃውን የሚሠሩት ፋብሪካዎች ሥራቸውን ባቆሙ ጊዜ፣ የተቀላቀለው ስሙ ብቻ ሳይሆን ዕቅዱም ጭምር እንደ ነበረ ግልጽ ሆነ።

የፕላዝማ መስታወት መጀመሪያ የተፈለሰፈው ለሳሎን ሳይሆን ለመማሪያ ክፍል መሆኑን የሚያስታውሱ ጥቂቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ በሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ «ፕላቶ» የሚባል በኮምፒዩተር የማስተማር ሥራ ተጀመረ። የሥራው ዋና ዕንቅፋት ሥዕሉን የሚያሳየው መሣሪያ ነበር። የዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ቱቦ ሥዕሉን ይዞ መቆየት ስለማይችል በየሴኮንዱ ደጋግሞ መሣል ነበረበት፤ ለዚህም ለእያንዳንዱ ተማሪ ሥዕሉን የሚይዝ የኮምፒዩተር ማኅደር ያስፈልግ ነበር። ማኅደሩ ደግሞ እጅግ ውድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶናልድ ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶውና ሮበርት ዊልሰን መፍትሔ አገኙ። በሁለት ጠፍጣፋ መስታወቶች መካከል ጋዝ የያዙ ጥቃቅን ጉድጓዶች አኖሩ፤ አንዱ ጉድጓድ በኤሌክትሪክ ምት አንድ ጊዜ ከበራ በኋላ እስኪያጠፉት ድረስ እንደ በራ ይቆያል። በዚህም መስታወቱ ራሱ የሥዕሉ ማኅደር ሆነ ማለት ነው። ኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረችውም በዚያው በ1964 ነው፤ ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ክፍል ውስጥ እስኪገናኙ ግን አርባ ዓመት አለፈ።

እ.ኤ.አ. በ1972 ሥራ ላይ የዋለው አራተኛው ፕላቶ 512 በ512 ነጥብ ያለው፣ በኒዮን ጋዝ ምክንያት ብርቱካናማ ብርሃን የሚሰጥ መስታወት ነበረው፤ ተማሪው መልሱን መስታወቱን በጣቱ በመንካት ይሰጥ ነበር። ይህ ብርቱካናማ መስታወት የግል ኮምፒዩተር ሲረክስ ቀስ በቀስ ከአገልግሎት ወጣ። ለዚህ ዳሰሳ ከሁሉ ይልቅ ቁም ነገር ያለው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ለፕላቶ የተዘጋጁት ትምህርቶች ከመስታወቱ ጋር አልተጣሉም፤ «ኖቫኔት» በሚባለው ተከታይ ሥርዓት አማካይነት ወደ ተራ ኮምፒዩተር ተሻግረው እስከ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2015 መጨረሻ ድረስ አገልግለዋል። መሣሪያው ጡረታ ሲወጣ ትምህርቱ በሥራ ላይ ቆየ።

በ1990ዎቹ ባለ ቀለሙ ትልቅ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ለገበያ ቀረበ። በዚህኛው ጋዙ የሚያወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ፎስፈር የተባለውን ቅብ እያበራ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም ይሰጣል። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ይህን መሣሪያ በተቀበሉበት ጊዜ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ከኋላ ለተቀመጠው ተማሪ የሚታይ ሰፊና ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሲፈለግ ፕላዝማ ተቀዳሚው ምርጫ ነበር። ስለዚህ ምርጫው በዘመኑ ሚዛን ሲለካ ስሕተት ነበር ማለት አይቻልም። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ ይቀርብ እንደ ነበር፣ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ቴሌቪዥኑ ይወስድ እንደ ነበር፣ የክፍሉ መምህርም በቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች ለማስተዋወቅና ለማጠቃለል ብቻ ይጣደፍ እንደ ነበር በሌሎች ጥናቶች በሰፊው ስለ ተጻፈበት እዚህ አይደገምም።

ሥርጭቱ በተጀመረ በአሥር ዓመቱ ፋብሪካዎቹ ተዘጉ። ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2013 ማብቂያ ማምረቱን አቆመ፤ ሳምሰንግና ኤልጂም በ2014 ተከተሉት። ምክንያቱ ከትምህርት ቤት ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም፤ ኤልሲዲ የተባለው ቴሌቪዥን ረክሶ፣ ቀልሎና አነስተኛ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ሆኖ ገበያውን ስለ ወሰደው ነው። የአንድ የገጠር ትምህርት ቤት መሣሪያ ዕድሜ ርእሰ መምህሩም የወረዳው ጽሕፈት ቤትም ባልተጠየቁበት በሩቅ አገር ገበያ ተወሰነ።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ማየት ይጠቅማል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አምራቾች የፕላዝማ መስታወት ብርሃኑ ወደ ግማሽ የሚወርደው ከ30,000 ሰዓት በኋላ ነው ይሉ ነበር፤ ከዚያ የበለጠ ቁጥር የሚሰጡም ነበሩ። አንድ ቴሌቪዥን በቀን 6 ሰዓት፣ በዓመት 200 ቀን ቢሠራ 1,200 ሰዓት ይሆናል። በዝቅተኛው ግምት እንኳ መስታወቱ 25 ዓመት ሊያገለግል ይችል ነበር ማለት ነው። ቀድሞ የሚሞተው ግን መስታወቱ አይደለም። የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍና ዝቅ ሲል የሚጎዳው፣ አቧራና ሙቀት የሚያደክመው ፓወር ሰፕላይ የተባለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ፋብሪካው በሥራ ላይ እያለ ታዝዞ ሊመጣ የሚችል መለዋወጫ ነው፤ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ግን የተረፈው መንገድ ከሞተው ፈትቶ ለታመመው መግጠም ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ጥገና ደግሞ በየጊዜው ከሁለት አንዱን እያስቀረ የሚሄድ ነው።

የትምህርት ቤት ንብረት መዝገብ ይህን ለማየት አልተዘጋጀም። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ ዓይነቱ፣ ብዛቱ፣ ዋጋውና የገባበት ቀን ይሰፍራል። አምራቹ መለዋወጫ ማቅረቡን የሚያቆምበት ቀን የሚጻፍበት ዓምድ ግን የለም። ቀኑ በግዥ ውል ላይ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ የመተኪያው በጀት መሣሪያው ገና ደኅና ሳለ ሊያዝ በቻለ ነበር። ከዚህም በላይ፣ ከሳተላይት የሚወርደው ምልክት የፕላዝማ መስታወት አይመርጥም፤ ተቀባዩ ሣጥን እስካለ ድረስ በማናቸውም ቴሌቪዥን ሊታይ ይችላል። «ፕላዝማው ሞተ» የሚለው አነጋገር ይህን ቀላል ነገር ሸፈነው።

ማስወገዱም የራሱ ጥንቃቄ አለው። በዚያ ዘመን የተሠሩ የፕላዝማ መስታወቶች ውስጣዊ ሽፋናቸው የእርሳስ ውሕድ ስላለበት መሰበርም ሆነ ከቆሻሻ ጋር መቃጠል የለባቸውም። የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክ ቁሻሻ አያያዝን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ይኸውም ቴሌቪዥኖቹ ወደ ክፍል ከገቡ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ስለሆነም የብረት ሣጥኑ ተከፍቶ መሣሪያው በሚወርድበት ዕለት ቴሌቪዥኑና ተቀባዩ ሣጥን በሁለት የተለያዩ መስመሮች ሊመዘገቡ ይገባል፤ አንደኛው ለማስወገጃ፣ ሁለተኛው ተፈትሾ የሚሠራ ሆኖ ከተገኘ ለሌላ ቴሌቪዥን።