ምስክሩ ብዙ፣ ባለጉዳዩ ዝም ያለበት ልብወለድ

ቺሊያዊው ሮቤርቶ ቦላኞ «ያልተገሩት መርማሪዎች» ሊባል የሚችለውን ትልቁን ልብወለዱን እ.ኤ.አ. በ1998 ስፔን ውስጥ ሲያሳትም 45 ዓመቱ ነበር። መጽሐፉ ስለ ገጣሚዎች ነው። የዋናዎቹን የሁለቱን ገጣሚዎች ግጥም ግን አንባቢ አያገኝም።

አወቃቀሩም የተለመደ አይደለም። መጀመሪያውና መጨረሻው የአንድ የ17 ዓመት ተማሪ የዕለት ማስታወሻ ነው። በመሐሉ ከ50 በላይ ሰዎች ከ1976 እስከ 1996 ድረስ ከሜክሲኮ ሲቲ፣ ከፓሪስ፣ ከባርሴሎና፣ ከቴል አቪቭ እየተነሡ ስለ አርቱሮ ቤላኖና ስለ ኡሊሰስ ሊማ ይመሰክራሉ። አንዱ ያመሰገነውን ሌላው ያጣጥላል። ሁለቱ ገጣሚዎች ራሳቸው ግን አንድም ጊዜ የምስክርነት ቃል አይሰጡም።

ይህ አጻጻፍ ታሪክ አለው። ቦላኞ በ1968 ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሜክሲኮ ሄደ። በዚያው ዓመት ሠራዊቱ የሜክሲኮን ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ወረረ፤ ቆይቶም ትላቴሎልኮ አደባባይ ላይ ተማሪዎች ተገደሉ። በ1973 ቺሊ ውስጥ የአዬንዴ መንግሥት በመፈንቅለ መንግሥት ወደቀ። ቦላኞና ጓደኛው ማሪዮ ሳንቲያጎ በዚያ ዘመን መንፈስ ኦክታቪዮ ፓዝን የመሰሉ አንጋፋዎችን የሚገዳደር የወጣት ገጣሚዎች ቡድን አቋቋሙ። ቤላኖና ሊማ የሁለቱ ጥላ ናቸው። ሳንቲያጎ መጽሐፉ በታተመበት ዓመት መጀመሪያ ላይ ሞተ።

በስፓኒሽ ቋንቋ ዓለም አቀባበሉ የሞቀ ነበር። መጽሐፉ የኤራልዴን ሽልማት አገኘ፤ በ1999 ደግሞ የሮሙሎ ጋዬጎስን። ሐያሲው ኢግናስዮ ኤቼቫሪያ፣ ልብወለድ ያልጻፈው ቦርኸስ እንኳ ሊጽፈው ይፈቅድ የነበረ ዓይነት መጽሐፍ ነው አለ። ቦላኞ በበኩሉ ካራካስ ላይ ሽልማቱን ሲቀበል፣ የጻፈው አብዛኛው ነገር ወጣትነቱን ለትግል ሰጥቶ ለተሸነፈው ትውልዱ የተላከ የፍቅር ወይም የስንብት ደብዳቤ መሆኑን ተናገረ።

በ2003 በጉበት ሕመም በ50 ዓመቱ አረፈ። የእንግሊዝኛው ትርጉም አሜሪካ የወጣው በ2007 ነው። ኒውዮርክ ታይምስ ከዓመቱ 10 ምርጥ መጻሕፍት አንዱ አደረገው። ነገሩ የተለወጠውም እዚህ ላይ ነው። ጸጉሩን ያስረዘመው የወጣቱ ቦላኞ ፎቶ ገበያውን መራ። የሄሮይን ሱሰኛ ነበር የሚል ወሬ ተነዛ፤ ባለቤቱ አስተባበለች። በ1973 ቺሊ ውስጥ ታስሮ ነበር የሚለው የራሱ ትረካም ጥርጣሬ ተነሣበት።

ሳልቫዶራዊው ደራሲ ኦራስዮ ካስቴያኖስ ሞያ በ2009 ይህን ተቃወመ። በእሱ አባባል የአሜሪካ ገበያ ለራሱ የሚመች ዓመፀኛ ቦላኞ ፈጥሯል። ዋና ዋና ሥራዎቹን የጻፈው ሰውዬ ግን በአንዲት የካታሎኒያ የባሕር ዳርቻ ከተማ ልጆቹን የሚያሳድግ የቤተሰብ አባት ነበር።

ክርክሩ ከአንድ ሰው ስም ያለፈ ነው። ሽንፈትን የሚቆጥር መጽሐፍ እንደ ወጣትነት ጀብዱ ሲነበብ፣ የሚጠፋው ስንብት የተደረገለት ትውልድ ነው። የልጅነት ዕብደቱ ይታወሳል፤ ያበደበት ምክንያት ይረሳል።

ቦላኞ በልብወለዱ ሁለት ገጣሚዎችን ለምስክሮች ወሬ አሳልፎ ሰጥቶ ነበር። ከሞተ በኋላ በራሱም ላይ ይኸው ደረሰ። ልዩነቱ፣ የልብወለዱ ምስክሮች ቢያንስ ሰዎቹን በአካል ያውቋቸው ነበር።